ወንዙና ሰማያዊው ሳፋ

«ሳፋው የግድ ይገባል!» አለ ሳሚ። «ሰው ውሃውን በእጁ ካልነካ ወንዙን አያምነውም።»

«አይገባም» አልኩት። ከጠዋት ጀምሮ ይህንኑ ስንባባል ሁለታችንም ደክሞናል።

ሳሚ ሠዓሊ ነው። የድሮውን፣ የጠራውን የአቃቂ ወንዝ በኮምፒውተር ሥሎ ዓይን ላይ በሚታሰር የቪአር መነጽር ውስጥ አስገብቶታል። እዚያ ውስጥ የሚሰማው ግጥም የእኔ ነው። ነገ ቃሊቲ ላይ እንደገና ልናሳየው ነው። የሚያናድደኝ፣ ሳፋውን መጀመሪያ ያመጣሁት እኔው መሆኔ ነው።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ የአቃቂ በሰቃ ጭቃ ገና ሳይደርቅ፣ አንድ የወጣቶች አዳራሽ ውስጥ አሳየነው። ከክር ፋብሪካ ጡረታ የወጡት አባባ ቶሎሳ እርጥብ ሳር ይዘው መጡ።

«ሳሩ ለምንድን ነው አባባ?»

«ወንዝ እናሳይዎ ብላችሁ ጠርታችሁኝ፣ የምስጋና ሳር ሳልይዝ ባዶ እጄን ልምጣ?»

መነጽሩን አሰርንላቸው። ወዲያው ጫማቸውን አወለቁ። ሳሩን ሊነክሩ ጎንበስ ሲሉ ግን እጃቸው ሲሚንቶ ነካ። ግራ ሲገባቸው ማየት አላስቻለኝም። የጽዳት ሠራተኛዋን ሰማያዊ ሳፋ ውሃ ሞልቼ እጃቸው ሥር ገፋሁት። ነከሩ፤ ረጩ፤ በኦሮምኛ ረጅም ምስጋና አደረሱ። ሰው አጨበጨበ፤ ሳሚ በስልኩ ቀረጸ።

መነጽሩን ሲያወልቁ ሳፋውን አዩት።

«ውሃው ከየት ነው?»

«ከቧንቧ ነው አባባ።»

«ለካ ሳፋ ፊት ቆሜ ነው ፈጣሪን ሳመሰግን የቆየሁት!»

የሳቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ሳቁም ብዙ አልቆየም። ጫማቸውን አጥልቀው፣ ሳሩን ይዘው ወጡ። ከፋብሪካዎቹ ጀርባ እስካለው እውነተኛ ወንዝ ድረስ ተከተልኳቸው። ውሃው ጥቁር ነው፤ ሽታው ጉሮሮ ይይዛል። ሳሩን አረፋው ላይ በቀስታ አኖሩት።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ሞቷል።»

«ታሟል። የታመመ ቤቱ ተኪዶ ይጠየቃል እንጂ ፎቶው አይሳምም።»

ይህን ለሳሚ ዛሬም ነገርኩት። ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

«እኔም እኮ ሰው እንዲወደው ነው የደከምኩት። አፍንጫውን ይዞ ማን ይሄድልሃል? አንተስ ሄደህ ታውቃለህ?»

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ አልሄድኩም። የጻፍኩት ሁሉ ስለዚያ ወንዝ ነው፤ የጻፍኩት ግን ቤቴ ተቀምጬ፣ መስኮት ዘግቼ ነው።

ሳሚ ለነገ ያዘጋጀውን ሳፋ ደፍቼ ግድግዳ አስደገፍኩት። ጃኬቴን አነሳሁ።

«ወዴት ነው?» አለኝ።

«ጥየቃ» አልኩት፤ በሩም ከኋላዬ ተዘጋ።