መቂ ላይ ገንዳው የሞላበት ጠዋት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ደወለልኝ። ድምፁ ትሑት ነው፤ ጋሼ ይለኛል። እዚሁ አዳማ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ስለ ታዳሽ ኃይል የሚመክር ስብሰባ አለ፣ ባለሀብቶችም የመንግሥት ሰዎችም ይመጣሉ፣ እርስዎ ደግሞ የዘርፉ ፈር ቀዳጅ ነዎት፣ አምስት ደቂቃ ይናገሩልን አለኝ። ፈር ቀዳጅ! ከየት አገኘኸኝ ብዬ ስጠይቀው አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ በስልኬ ላከልኝ። ከመቂ ወጣ ብሎ በቆመ የነፋስ ሞተር ሥር፣ ውሃ ከሚንዠቀዠቅበት ገንዳ አጠገብ፣ ቱታ የለበሰ ቀጭን ጎረምሳ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። ያ ጎረምሳ እኔ ነኝ። እጄ ቢደርስበት በጥፊ ባልኩት ነበር።

ከበረንዳዬ ሆኜ ሳይ ከከተማው በላይ የተተከሉት ነጫጭ የነፋስ ማማዎች ይታዩኛል። እነሱ ላይ ቂም የለኝም፣ ይዙሩ። ቂሜ ከሚወራው ወሬ ጋር ነው። እንዲህ ያለ ስብሰባ ከዚህ በፊትም ሄጄ አውቃለሁ። አርሶ አደሩ የግንዛቤ እጥረት ስላለበት ደኑን ይጨፈጭፋል የሚል ሰው አይጠፋም። አዳራሹ በሙሉ ራሱን ይነቀንቃል፣ የታሸገ ውሃውን ይጎነጫል፣ ከዚያ ምሳ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር በሰማሁ ቁጥር አንድ ሰው ፊቴ ይመጣል። አምስት ደቂቃ ስለማይበቃኝ እዚህ ልጻፈው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። በዚህችው ከተማ፣ ያኔ ናዝሬት በምትባለው፣ በአንድ የመንግሥት ወርክሾፕ የውሃ ሞተር ጠጋኝ ነበርኩ። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ፤ እጄ በግሪስ የጠቆረ፣ አፌ የማያርፍ፣ ከእኔ በላይ ሞተር የሚያውቅ ላሳር የምል ሃያ ሦስት ዓመት የሞላኝ ልጅ። ነዳጅ በኩፖን ነበር። ሾፌሮች ማደያው በር ላይ ተሰልፈው ይውላሉ፤ መንግሥት ደግሞ በየስብሰባው ናፍጣ ቆጥቡ ይላል። ዛሬ ስለ አየር ንብረት እንደሚለፈፈው ያኔ ስለ ውጭ ምንዛሪ ይለፈፍ ነበር። የመድረኩ ድምፅ ግን ያው ነው፣ ጮክ ያለና ከማሳ የራቀ።

በዚያን ጊዜ ነው አንድ የውጭ እርዳታ ሰጪ ለመቂ አካባቢ ገበሬ ማኅበር የነፋስ ሞተር ያቆመለት። የብረት ማማ ነው፤ ጫፉ ላይ ክብ ሆነው የተደረደሩ የቆርቆሮ ክንፎች አሉት። ነፋስ ሲመታው ይዞርና ረጅም ዘንግ እየገፋ ውሃ ከጉድጓድ ያወጣል። ጥሩ ዕቃ ነበር፣ አልዋሽም። ለሰውና ለከብት የሚጠጣ ውሃ፣ ለጓሮ ጎመንም ይበቃል። የሽንኩርት ማሳ ግን አያጠጣም። ማሳውን የሚያጠጣው ማኅበርተኛው አዋጥቶ ያመጣው የናፍጣ ሞተር ነበር። የዚያ ዓመት ክረምት ደግሞ ዝናቡ አጥሮ፣ በቆሎው ከጉልበት ሳያልፍ ደርቋል። የሰዉ ተስፋ በሙሉ ሽንኩርቱ ላይ ነበር፤ ሽንኩርቱ ከደረሰ እህል ይገዛበታል፣ ካልደረሰ ረሃብ ነው።

የማኅበሩን ውሃ የሚመሩት ኦቦ ቱፋ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ የአርሲ ሰው። ሞተራቸውን ልጠግን በሄድኩ ቁጥር ሳልበላ አይለቁኝም። ከማሳው የተቀጠፈ ቲማቲም ጨው ነስንሰንበት ከትኩስ ቂጣ ጋር እንበላ ነበር፤ አንዳንዴም ከተቆላ ገብስ ዱቄት የተሠራ፣ በቅቤ የራሰ ጩኮ ይቀርብልኛል። ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ይሉኝ ነበር። የዚያን ቲማቲም ጣዕም ዛሬ በየትኛውም ሆቴል አላገኘሁትም።

መቂ የኖረ ሰው የነፋሱን ጠባይ ያውቃል። ጠዋት ቅጠል አይነቃነቅም። ከቀትር በኋላ ከሐይቁ በኩል ይነሳና አቧራውን እያንከባለለ፣ የቤት ክዳን እያንገጫገጨ እስከ ማታ ይነፍሳል። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም፤ እብቅ የሚለይ ሁሉ ያውቀዋል።

ጥር ላይ፣ ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር ሲጀምር፣ የነፋስ ሞተሩን የሚመርቅ ትልቅ ባለሥልጣን ከአዲስ አበባ እንደሚመጣ ተነገረን። የምረቃው ሰዓት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆነ። ዝግጅቱን የሚመራው ጓድ አስፋው የሚባል የአውራጃው ካድሬ ነበር፤ ካኪውን በካውያ እያስተኮሰ የሚለብስ፣ ሰው ሲያናግር ከጫማ ጀምሮ ወደ ላይ የሚያይ።

«ጓድ፣ ጠዋት ነፋስ የለም፤ ከሰዓት ቢደረግ ነው የሚሻለው» አልኩት።

«ከሰዓት እንግዳው ላንጋኖ ናቸው። ምሳ እዚያ ተዘጋጅቷል።»

«ነፋስ ከሌለ እኮ ውሃ አይወጣም።»

«ስማ ልጅ፣ ውሃ መውረድ አለበት። ካልወረደ አሻጥር ነው፣ አሻጥረኛው ደግሞ አንተ ነህ። እሑድ እሑድ አባትህ ሳሎን ውስጥ ምን እንደሚዘመር የማላውቅ እንዳይመስልህ።»

አባቴ የጴንጤ ሽማግሌ ነበር። ቤተ ክርስቲያናቸው ታሽጎ፣ ምእመናኑ መስኮት ዘግተው በእኛ ቤት በሹክሹክታ ይዘምሩ ነበር። አባቴ አንድ ጊዜ ታስሮ በወጣ ጊዜ ጉንጩ ጎድጉዶ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ፈራሁ፤ ማንም ይፈራ ነበር። ግን ሁሉን በፍርሃት አላሳብብም። ካድሬው ያዘዘው ውሃ እንዲወርድ ብቻ ነው። እንዴት የሚለውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ያውም ደስ እያለኝ። ክንፎቹን ከፓምፑ ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ ከታች ብፈታው ክንፉ ሸክም ስለማይኖርበት በትንሽ ሽውታም ይዞራል። ውሃውን ደግሞ ከናፍጣ ሞተሩ፣ መሬት ውስጥ በተቀበረ ጎማ ወደ ገንዳው እናመጣዋለን። ድምፁስ? የአውራጃው የኪነት ቡድን ከነድምፅ ማጉያው ይመጣል፤ አኮርዲዮንና ከበሮ ባለበት ሞተር ማን ይሰማል? ይህን ስነግረው ጓድ አስፋው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ጉረኛ ነበርኩና ቀኑን ሙሉ ትከሻዬ ሞቀኝ።

ያሰብኩትን ለኦቦ ቱፋም ነገርኳቸው።

«ሰውዬው ሲመጣ ውሃ ባያይ ያፍራል?» አሉኝ።

«አዎ። እኛም እንቀጣለን።»

«በሰው ፊት እንግዳ አናሳፍርም። ይግባ፣ ይቀመጥ፣ ይብላ። ሲጠግብ እውነቱን እንነግረዋለን፤ ውሃው የሞተሩ ነው፣ ይህ የነፋሱ ነገር ለመጠጥ ይሆናል፣ ለማሳው ግን ናፍጣ ጨምርልን እንለዋለን። አንተ ታስረዳዋለህ አይደል፣ ኢልማ ኮ?»

«አስረዳለሁ፣ ኦቦ ቱፋ።»

በአገሩ ደንብ ችግር ለእንግዳ የሚነገረው እህል ከቀመሰ በኋላ ነው። በር ላይ አቤቱታ የሚያቀርብ ሰው እንደ ባለጌ ይቆጠራል። ኦቦ ቱፋ በዚህ ተማምነው ሰው ጠሩና ጎማው የሚቀበርበትን ቦይ በእጃቸው ቆፈሩ። አፈሩን መልሰው ደልድለው፣ ላዩ ላይ የሽንኩርት ቅጠል በተኑበት። ለምሳው ዳስ አስጥለው በግም አሳረዱ።

የምረቃው ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። «ነፋስም ለአብዮቱ ይሠራል» የሚል ጨርቅ በሁለት ግራር መካከል ተወጥሯል፤ ነፋስ አጥቶ ልክ እንደ ተሰጣ አንሶላ ተንጠልጥሏል። የማይሠራው ነፋስ ራሱ እየመሰከረ ነበር፣ ግን ማን ያየዋል? መኪኖቹ አቧራ አስነስተው ደረሱ። የኪነት ቡድኑ ጩኸቱን ለቀቀው። ክንፎቹ በስንፍና ዞር ዞር አሉ፣ ውሃው ከቧንቧው ተንዠቀዠቀ፣ ጭብጨባው ቀለጠ። ያ ፎቶግራፍ የተነሳው በዚያች ደቂቃ ነው። ሳቄ የውሸት አልነበረም። ሥራዬ ሠርቶልኝ ነበር የምስቀው።

ባለሥልጣኑ ወፍራም፣ ላብ የሚያስቸግራቸው፣ ክፉ የማይመስሉ ሰው ነበሩ። እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ፊታቸውን አበሱ። ከዚያ ማጉያውን ተቀበሉ።

«ጓዶች! ይህ ማኅበር ከዛሬ ጀምሮ ከናፍጣ ጥገኝነት ነፃ ወጥቷል። የናፍጣ ሞተሩ ነፋስ ለሌለው ሌላ ማኅበር ይዛወር፤ የነዳጅ ኩፖኑም ለሌላ ይሰጥ።»

እንደገና ጭብጨባ። ኦቦ ቱፋ አላጨበጨቡም። በሰዉ መሃል ዐይናቸው እኔን ፈልጎ አገኘኝና በአገጫቸው ወደ ዳሱ አመለከቱኝ፤ ምሳ ላይ ትነግረዋለህ ማለታቸው ነው። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ሰውዬው ግን ወደ ዳሱ አልሄዱም፣ ወደ መኪናቸው ነው የሄዱት። ኦቦ ቱፋ እየሮጡ ተከተሏቸው። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

«ጓድ፣ እህል ሳትቀምሱ? ትንሽ ተቀመጡ!»

«ሌላ ጊዜ፣ አባቴ» አሉ ባለሥልጣኑ በመስኮት ፈገግ ብለው። ጓድ አስፋው የኦቦ ቱፋን ክንድ ይዞ ከመኪናው አራቃቸው። ላንጋኖ ላይ ዓሣ ይጠበስ ነበር። እኔ ከገንዳው አጠገብ ቆሜ ቀረሁ።

በሦስተኛው ቀን የናፍጣ ሞተሩን እንድፈታ የታዘዝኩት እኔው ነኝ። ብሎኑን አንድ በአንድ ስፈታ ማኅበርተኛው ቆሞ ያየኝ ነበር። ማንም አልተሳደበም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በሳምንቱ ኦቦ ቱፋ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው፣ አቧራ ለብሰው፣ ናዝሬት ወርክሾፑ ድረስ መጡ።

«ወረቀት ጻፍልኝ» አሉኝ። «ውሃው የሞተሩ ነበር በል። እኛ ብንናገር ገበሬ ዋሸ ይላሉ። አንተ ባለሙያ ነህ፣ ይሰሙሃል። ሽንኩርቱ ሁለት ሳምንት ነው የሚችለው።»

«ከጻፍኩ እኮ ያስሩኛል፣ ኦቦ ቱፋ።»

«ያስሩሃል» አሉ። እንደ መስማማት ነበር አነጋገራቸው። «እዚያ ደግሞ አርባ አባወራ አለ።»

«እስቲ አስብበታለሁ።»

አሁን ሳስበው ከዚህች ቃል የባሰ ክፉ ቃል ተናግሬ አላውቅም። አልጻፍኩም። ሁለት ቀን ብዕር አንስቼ አስቀመጥኩ፣ በሦስተኛው ቀን ሻሸመኔ ለሥራ ሲልኩኝ ደስ እያለኝ ሄድኩ። ስመለስ በመቂ ሳልፍ ማሳው ከመንገድ ይታይ ነበር፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መሬት ላይ ተኝቷል። የነፋስ ሞተሩ ግን ከሰዓት ስለነበረ ይዞር ነበር፣ በደንብ ይዞር ነበር።

ሰዉ ተበተነ። ከፊሉ ወደ ወንጂ ሸንኮራ ቆረጣ፣ ከፊሉ ወደ ዘመድ። ከሁለት ዓመት በኋላ በመሥሪያ ቤት መኪና ወደ ላንጋኖ ስንሄድ፣ አንድ የደን ጥበቃ ኃላፊ አብሮን ነበር። መንገድ ዳር ከሰል በማዳበሪያ ሞልቶ የተደረደረበት ቦታ ላይ መኪናውን አስቆመ። ከበስተኋላ ያለው ግራር ተጨፍጭፎ ጉቶው ብቻ ቀርቷል፣ ከምድጃው ጉድጓድ ገና ጭስ ይወጣል። ከሰሉ አጠገብ የቆሙት ኦቦ ቱፋ ነበሩ። ከስተው፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጠቁሮ።

«ደኑን የምትጨርሱት እናንተ ናችሁ!» ኃላፊው ጮኸባቸው። «አገሩን በረሃ አደረጋችሁት። ለነገ አታስቡም? ልጅ የላችሁም?»

ኦቦ ቱፋ ያዩ የነበረው እኔን ነው። ዐይናቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ይጠብቁ ነበር። አንዲት ቃል፣ ይህ ሰው ሽንኩርት ዘሪ ነበር የምትል አንዲት ቃል። አፌ ውስጥ ነበረች፣ መራራነቷ ዛሬም አለ። እኔ ሰዓቴን አየሁና «ይመሽብናል፣ እንሂድ» አልኩ። ኦቦ ቱፋ አጎንብሰው፣ መኪናችን እንዲዞር መንገዱን የዘጋውን አንዱን ማዳበሪያ ጎትተው አነሱልን።

እንግዲህ ፈር ቀዳጁ ይህ ነው። የቀደደው ፈርም የት እንደደረሰ ተናግሬያለሁ። ስሜን ከዝርዝሩ እንዲሰርዝ ለዚያ ወጣት ደውዬ ነገርኩት፤ አዘነ፣ ልጁ ጥፋት የለበትም። ለዓመታት የረገምኩት ካድሬውን ነበር፣ ባለሥልጣኑንም። ዛሬ ሳስበው ባለሥልጣኑ ያዩትን አምነው ነው የወሰኑት። ያሳየነው እኛ ነን። አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ራሱን የሚነቀንቀውም ሰው ያሳዩትን ነው የሚያየው፤ ለዚህ ነው የምጠላው፣ ራሴን ስለማገኝበት።

አባቴ በሰላም አርጅቶ በአልጋው ላይ ሞተ። እኔም ልጆች አሳደግኩ፣ ጡረታ ወጣሁ። ኦቦ ቱፋ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም፤ ጠይቄም አላውቅም። ከዚህ እስከ መቂ በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም።