ሲስተር ምክራቸውን የቀደዱበት እሁድ

ሲስተር ሠላሳ አምስት ዓመት በቀዶ ሕክምና ክፍል ሠርተው ጡረታ ሲወጡ፣ «እንግዲህ አርፋለሁ» ብለው ነበር። ዕረፍቱ የቆየው ሁለት ወር ነው። የአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ከአዳራሹ ጀርባ ያለችውን፣ የተሰበሩ ወንበሮች ይታጎሩባት የነበረችውን ጠባብ ክፍል ሰጣቸውና የአጥቢያው ነርስ ሆኑ። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ የደም ግፊት መለኪያ፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ በገዛ እጃቸው ለእናቶች የጻፉት ምክር።

አንድ እሁድ ከጸሎት በኋላ የአንድ ልብስ ሰፊ ተራ ደረሰ። ግፊቱን ለኩት፤ መቶ ሰማንያ በመቶ አሥር። አላመኑም፤ ትንሽ አሳርፈው ደገሙት። ያው ነው።

«ኪኒንህን ትወስዳለህ?»

«ተውኩት ሲስተር። ሦስት ሳምንቴ።» ስልኩን አወጣ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ፎቶ ይታያል፤ ከሥሩ የቅጠል ጭማቂ ግፊትን ድራሹን ያጠፋዋል የሚል ጽሑፍ።

«ይሄማ ዓይን ያወጣ ቅጥፈት ነው!»

«እርስዎስ የሚሉትን ከየት አመጡት?»

«ተምሬ ነዋ!»

«መቼ?»

«የዛሬ አርባ ዓመት።»

«ይሄ ደግሞ የወጣው ባለፈው ወር ነው» አለና ኮቱን ደርቦ ወጣ።

ሲስተር ደማቸው ፈላ። ቤታቸው ገብተው ጫማቸውን ሲያወልቁ ግን ነገሩ ከነከናቸው። ሰውዬው በመድኃኒቱ ተሳስቷል፤ በጥያቄው ግን አልተሳሳተም።

ሰኞ ጠዋት ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሄደው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡ። ማውዙን በሁለት ጣት ጫፍ ሲይዙት ያየችው የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣ «አይናከስም እናቴ» ብላ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። አንድን ገጽ ከማመን በፊት ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደታደሰ፣ ምን ማስረጃ እንደጠቀሰ፣ በመጨረሻም የሚሸጠው ነገር እንዳለ ማየት አስተማረቻቸው።

በሦስተኛው ቀን ያንን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሐኪም ተብዬ አገኙት። በሦስት ገጽ ላይ አንድ ፊት፣ ሦስት ስም። ከግርጌው፣ «የጭማቂውን ጠርሙስ አሁኑኑ ይዘዙ» ይላል።

«ያዝኩህ!» ብለው ጮኹ፤ አንባቢው ሁሉ ዞረ።

በዚያው ሞቅታ የራሳቸውን የእናቶች ምክር ማጣራት ጀመሩ። «ሕፃን በሆዱ ይተኛ» የምትለው መስመር ላይ ሲደርሱ ክው አሉ። የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበሩም፣ ጤና ሚኒስቴሩም በአንድ አፍ፣ ሕፃን በጀርባው ይተኛ ይላሉ። ምክሩ ከተለወጠ ዓመታት አልፈውታል፤ እሳቸው የአዋቂዎችን ቁስል ሲያክሙ አልሰሙም። ስንቷን እናት እንዲህ ብለው እንደመከሩ በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር።

እሁድ ከጸሎት በኋላ ምክሩ የተጻፈበትን ወረቀት ከግድግዳው ነቅለው ሕዝቡ ፊት ቆሙ። «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ። ሕፃኖቻችሁን በጀርባቸው አስተኙ» አሉና ለሁለት ቀደዱት።

ልብስ ሰፊው ከኋላ ተነሣ። «እሳቸው የራሳቸውን ከቀደዱ እኔ ምን ቤት ነኝ? ሲስተር፣ ይምጡ የኔንም እንየው።»

ስልኩን ይዘው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሲስተር ራሱ እንዲያነብ ተዉት። ገጹን እየገፋ ግርጌው ደረሰ።

«እንዴ! ሐኪሙ ራሱ ነው ሻጩ?»

«እሱን አንተ ንገረኝ።»

ሚስቱ ከጀርባው፣ «ስነግረው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ፤ እሰይ!» ስትል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው ከዚያው በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሄደና ኪኒኑን እንደገና ጀመረ። በስድስተኛው ሳምንት ሲስተር መለኪያውን አንብበው ተነሡ፤ «መቶ ሠላሳ በሰማንያ ሁለት!» ሲሉ ወረፋ የቆመው ሁሉ አጨበጨበ።

ወሬው የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጋ ደረሰ። በወሩ ሲስተር በጤና ጣቢያው ሠላሳ ወጣት ነርሶች ፊት ቆመው፣ የጤና ወሬ ከማመን በፊት እንዴት እንደሚጣራ ያስተምሩ ነበር። ትምህርቱን ሲጨርሱ ነርሶቹ ከመቀመጫቸው ተነሡላቸው፤ ጭብጨባው እስከ መድኃኒት ክፍሉ ተሰማ።