በቅቤ የተገዛ ሞተር

አሁን አሁን ሆሳዕና ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። ሲያልፉ ጭስ የላቸውም፤ ቀጭን፣ ሳብ ያለ ድምፅ ብቻ ያሰማሉ። ሰው ዞር ብሎ አይቶ ይገረማል። እኔን ግን ደሜን ያፈላዋል። ያን ድምፅ ከሁሉም ቀድሜ የሰማሁት ቦቢቾ በሚባለው ሰፈራችን፣ በእናቴ ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ነው። ከወንድሜ እጅ ነበር የወጣው።

ወንድሜ በአንድ ዓመት ይበልጠኛል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት ሳይመጣለት ሲቀር አባቴ አልተቆጣም። እኔን ያስፈራኝ አለመቆጣቱ ነበር። በሰፈራችን ከየቤቱ ቢያንስ አንድ ልጅ ደቡብ አፍሪካ አለ፤ የሄደ ልጅ የሌለው ቤት ከሩቅ ያስታውቃል፣ ቆርቆሮው የዛገ ነው። አባቴ የእኛን ቆርቆሮ ቀና ብሎ እያየ፣ «የኛም ተራ ደረሰ» አለ። ወንድሜ መሄድ አልፈለገም። የተበላሸ ነገር ካየ እጁ የማያርፍ ልጅ ነው፤ ምኞቱ እዚሁ ከተማ ውስጥ የጥገና ቤት መክፈት ነበር። «እንግዲያው እጅህ የሚያበላህ መሆኑን አሳየኝ። እስከ መስቀል ጊዜ አለህ» አለው አባቴ።

ወንድሜ የመረጠውን ሌላ ሰው አይመርጠውም። በስልኩ ያየውን የኤሌክትሪክ ስኬትቦርድ፣ ያን ሰው ቆሞበት ያለ ቤንዚን የሚነዳውን ባለ አራት ጎማ ጣውላ፣ ቤት ውስጥ ልሥራ አለ። «እሱን የሠራ ሰው ባጃጅ መጠገን ያቅተዋል የሚል አይኖርም» አለኝ። እውነቱን ነበር።

የዕቃው መግዣ የመጣው ከእናቴ ዊጆ ነው። የሰፈሩ ሴቶች በየሳምንቱ ቅቤ እያዋጡ አንዷ በተራዋ የምትወስድበት የቅቤ ዕቁብ ነው። እናቴ ከመስቀል በፊት ያለውን የመጨረሻውን ተራ ይዛ ነበር፤ ሁሉም የሚመኘውን። ከቡላና ከቅቤ የሚሠራው አታካና፣ የመስቀል ምግባችን፣ ያለሱ አይሆንም። ተራዋን ከሌላ ሴት ጋር ተለዋወጠችና ቅቤውን በሐምሌ አነሳችው። ለሴቶቹ «ሐኪም ቅባት ከልክሎኛል» አለቻቸው። ቅቤ የሌለበትን አታካና ጭቃ ነው የምትል ሴት ናት ይህን ያለችው። በኮባ ጠቅልላ ሰጠችን፤ ገበያ አውጥተን ሸጥነው። እጃችን ላይ የቀረው የቅቤ ሽታ ቀኑን ሙሉ አልለቀቀንም፤ በዚያ እጅ ነበር ሱቅ ለሱቅ ብረት ስናገላብጥ የዋልነው።

ጎማ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ የሚሸጠው ነጋዴ፣ «ለወፍጮ ነው?» ሲል ጠየቀን።

«አይ፣ ሰው ቆሞ የሚሄድበት ነገር ልሠራ ነው» አለ ወንድሜ።

«ሰው ቆሞ ለመሄድ እግር የለውም?»

እየሳቀ ግን መረጠልን። ግራሶ የተለቀለቀውን ኩሽኔታ በጣቱ አሽከርክሮ ጆሯችን አጠገብ ያዘው፤ ሲር እያለ ቆየ። የማይንኳኳውን ውሰዱ አለን።

ሞተሩን ያገኘነው ሾኔ ከተማ ነው። አንድ ሰውዬ ቤት፣ ትልቁ ልጅ ከደቡብ አፍሪካ ለታናሹ የላከው የኤሌክትሪክ ስኩተር ተበላሽቶ ዶሮ ይሰፍርበት ነበር። ወንድሜ ኩሱን ጠርጎ ጎማውን አሽከረከረና ፊቱ በራ። ሰውዬው ከተስማማን በኋላም «ልጄ የላከው ነው» ማለቱን አልተወም። እስከ አስፋልቱ ሸኘን፤ ዓይኑ ግን እኛ ላይ ሳይሆን ስኩተሩ ላይ ነበር። ያኔ ለምን እንደዚያ እንደሚያየው አልገባኝም።

ባትሪዎቹን ጊምቢቹ ከተማ የሚያስተምር የአክስታችን ልጅ ከሰጠን የሞቱ ላፕቶፖች ውስጥ ፈልቅቀን አወጣን። ወንድሜ እያንዳንዱን በቴስተር እየለካ ነፍስ ያለውን በአንድ ሳህን፣ የሞተውን በሌላ ሳህን ያስቀምጣል፤ እኔ የሞተውን እያነሳሁ «እንደገና ለካው» እላለሁ። ያገለገለ ድሪልና ብረት ቆንጥጦ የሚይዝ ሞርሳ ገዛ። ጣውላውን ከዋንዛ አስጠረበ። ዝናቡ ኮባው ላይ ሲወርድ፣ የካውያው ሽታ ከእርጥብ አፈር ሽታ ጋር ሲደባለቅ፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ ሲበይድ፣ እኔ የስልኬን መብራት ይዤ ስቆም፣ እናቴም ቆሎ ይዛ መጥታ ምኑም ሳይገባት «ጎበዝ» ስትለው። በሕይወቴ እንደዚያ ክረምት ደስ ያለኝ ጊዜ የለም። ይህንንም የምናገረው እየተናደድኩ ነው።

መስቀል ደረሰ። ዘመድ በሙሉ ተሰበሰበ፤ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ነበሩ፣ ልጆችን ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚያሻግረው ደላላም በክብር ተጋብዞ ነበር። ወንድሜ ጣውላው ላይ ወጣና ዳገቱን ቀጥ ብሎ ወጣው። ልጆች እየጮኹ ተከተሉት። ከላይ ሲመለስ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ፣ በእጁ የያዛትን የሞተር ማዘዣ በአውራ ጣቱ እየነካ፣ ልክ አባቴ እግር ሥር አቆመው። የአባቴ ዓይን እንባ አቅርሯል። አበቃ፣ ቀረልን አልኩ በልቤ።

አባቴ ወደ ሽማግሌው ዞሮ፣ «ይሄን የመሰለ እጅ እዚህ ማስቀረት ኃጢአት አይሆንም?» አለ።

«ይሆናል እንጂ» አሉ ሽማግሌው። እጃቸውን የወንድሜ ራስ ላይ ጭነው ለመንገዱ ጸለዩለት። ሰው ሁሉ አሜን አለ።

ሊቀር የሠራው ነገር አስወሰደው። ዛሬም ሳስበው መጮህ ያምረኛል። ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ «ልጁ እኮ ለመቅረት ነው የሠራው» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። እናቴ ብቻ ቅቤ ያልገባበትን ደረቅ አታካና ይዛ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ደላላው ጣውላውን እያገላበጠ፣ «ልጄ ይሄን ቢያይ ያብዳል» አለ፤ አባቴም «ውሰድለት» አለው። እንዲሁ፣ አንድ ሳህን ቆሎ እንደማቅረብ። በማግስቱ ወንድሜ ሙሉ ቻርጅ አድርጎ ወሰደለት፤ የደላላውን ልጅ እጁን ይዞ ፍሬን አያያዝ አስተማረው። ድሪሉና ሞርሳው ለመንገድ ተሸጡ።

አሁን ጆሃንስበርግ ዳር፣ በብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ዳቦና ሳሙና ይሸጣል። ሁለት ጊዜ ተዘርፏል። ቆርቆሯችን ተቀይሯል፣ እንግዲህ ያብረቅርቅ። ስልክ ሲደውል ምን እየሠራህ ነው እለዋለሁ፤ «ምን እሠራለሁ፣ እሸጣለሁ» ይለኛል።

ባለፈው እሑድ ከጸሎት ቤት ስንመለስ የአባቴ ሬዲዮ ዝም አለ። መታ መታ አደረገው፣ ባትሪውን አውጥቶ መለሰው፣ እምቢ አለ።

«ወንድምሽ ቢኖር ይሄኔ ጠግኖት ነበር» አለኝ።

ይህን ሁሉ ዓመት አፌን የያዘኝ ነገር በዚያች ቅጽበት ለቀቀኝ።

«እዚሁ ነበር እኮ፣ አባዬ» አልኩት።

እናቴ ሳህን ማጠቧን አቆመች። አባቴ ቀና ብሎ አላየኝም። ሬዲዮውን ጭኑ ላይ አድርጎ በጋቢው ጫፍ ይጠርገው ጀመር፤ ብዙ ጠረገው።

«አውቃለሁ» አለ።