ከሰማንያ ሺህ ሰው አንድ ዋስ

ከሚዛን ከተማ ልወጣ ስል ለእናቴ የነገርኳት ውሸት አጭር ነበር፦ «ጅማ የጓደኛዬ ሠርግ አለ፤ ሰኞ እመለሳለሁ።» ምንም አላለችም። ማታውን ሙሉ ጎደሬ ስትቀቅል፣ ቆሎ ስትቆላ፣ ዳጣ በብልቃጥ ስትሞላ አመሸች። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ የማሰሮውን ክዳን ድምፅ እየሰማሁ፣ ለሦስት ቀን መንገድ ይህ ሁሉ ምንድን ነው እያልኩ በልቤ ተናደድኩ። በማግስቱ አውቶቡስ ውስጥ ፌስታሉን ስፈታው ከስንቁ ሥር ወፍራሙ ሹራቧ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ለጅማ ሠርግ ሹራብ አያስፈልግም፤ ለአዲስ አበባ ብርድ እንጂ። አውቃለች ማለት ነው፤ አውቃም ዝም ብላለች። ያ ዝምታ እስከ ቦንጋ አብሮኝ ተጓዘ። ከቦንጋ በኋላ ስልኬ ኔትወርክ አገኘና ረሳሁት።

እናንተ ሚዛን ያላችሁ ታውቁኛላችሁ። የጤና ኮሌጁን በሁለተኛው ዓመት የተውኩት፣ ስልኬን ሙዝ ግንድ ላይ በላስቲክ አስሬ ጓሯችን ውስጥ ግጥም እያነበብኩ ቪዲዮ የምለቀው ደስታ ነኝ። ኦንላይን «የሚዛኗ ወለላ» ነበር የምባለው። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ ለዚህም ሳይሆን አይቀርም ይቺ ሁለት መስመር ከአፌ ስትወጣ ትልቅ ነገር የሠራሁ የመሰለኝ፦

ቡናው ከኛ ጓሮ፣ ዋጋው ከሩቅ አገር፤
እኔም እንደ ቡናው፣ ሄጄ ነው ምከበር።

በእሷ ሰማንያ ሺህ ተከታይ አገኘሁ። «አዲስ አበባ ነይ፣ አለንልሽ» ይሉኝ ጀመር። እናቴ አንድ ቀን ቡና እየለቀመች ጠየቀችኝ፦ «እነዚህ አለንልሽ የሚሉሽ የማን ልጆች ናቸው?» ሳቅኩባት። አሁን ሳስበው ጥያቄው አያስቅም።

አውቶቡስ ተራ የደረስነው አመሻሽ ላይ፣ በዝናብ ነው። የእኛ አገር ዝናብ ሞቅ ያለ ነው፤ ቅጠል ላይ አርፎ ቀስ ብሎ ይወርዳል። የመርካቶ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ይጮህና ጭቃ ሆኖ ጫማ ውስጥ ይገባል። የእናቴን ሹራብ እዚያው ቆሜ ለበስኩ። ሻንጣዬን በእግሮቼ መሀል አድርጌ «ወለላ ሸገር ገብታለች! ዛሬ የት ልደር?» ብዬ ለጠፍኩ። ወዲያው መልሱ ይጎርፍ ጀመር። እንኳን ደህና መጣሽ፤ ልብ፤ እሳት፤ ከተማዋ ባንቺ አማረች። ከዚያ ሁሉ መሀል አንድ ሰው ብቻ «እኔ ጋ እደሪ» አለ። የፕሮፋይል ፎቶው መኪና ነው፤ ፊት የለውም።

«እህቴ፣ ስልክሽን ደረትሽ ውስጥ ክተቺው» አለኝ አንድ ተሸካሚ። «እዚህ ኪስ የሰው ነው።» ማደሪያ የጠቆመኝም እሱ ነው፤ ስሜንም አልጠየቀኝ።

ከሲኒማ ራስ ጀርባ ያለው ቤት የእትዬ ብርሃኔ ነው። ከበሩ ሳልገባ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«ግጥም እጽፋለሁ፤ ቪዲዮ እሠራለሁ።»

ልጃቸው ከውስጥ ብቅ ብላ «እማዬ፣ ታዋቂ ናት እኮ! ወለላ ናት!» አለች። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ።

«ታዋቂ ከሆነችማ ዋጋው ሌላ ነው» አሉ እትዬ ብርሃኔ።

«እትዬ፣ ታዋቂ ነኝ እንጂ ብር የለኝም።»

«ብር የሌለው ታዋቂ እኔ የማውቀው ፖሊስ የሚፈልገውን ነው» አሉና ከሁለት ሴቶች ጋር የምጋራው ፍራሽ ሰጡኝ። «መብራት ለቻርጅ ብቻ! ያን ክብ የቪዲዮ መብራት አብርተሽ እንዳላገኝሽ!»

በማግስቱ ከተማውን አየሁት። ሙዝ አንድ አንዱን ተነጥሎ ሲሸጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። በእኛ አገር ሰላም የሚልሽ ሰው ቆሞ ነው የሚልሽ፤ እዚህ እያለፈ ነው፤ ከቆመ ሊሸጥልሽ ነው። እኔም ተማርኩ፤ በሳምንቱ ፈገግ ያለልኝን ሁሉ «ምን ፈልጎ ነው?» እል ጀመር።

ሥራ ያገኘሁት አንዋር መስጊድ አጠገብ፣ ሳፋ፣ ጀሪካንና ፔርሙዝ በጅምላ ከሚሸጡት ከጋሼ ከድር ሱቅ ነው። አገኘሁ ልበል እንጂ ገና አላገኘሁትም ነበር።

«መታወቂያ አለሽ?» አሉ ጋሼ ከድር።

«አለኝ።»

«ዋስ?»

ዋስ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ይህቺ ልጅ ዕቃ ይዛ ብትጠፋ እኔ እከፍላለሁ ብሎ የሚፈርም ሰው ነው። የደመወዝ ደብዳቤ ወይም ንግድ ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። መርካቶ ውስጥ ያለ እሱ ቁልፍ የሚያስነካሽ የለም።

«ጋሼ፣ እኔን ሰማንያ ሺህ ሰው ያውቀኛል» አልኩና ስልኬን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ያቺን የቡና ግጥሜን እስከ መጨረሻዋ ሰሙ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ግን ቡናው እኮ ዝም ብሎ አይሄድም። ጆንያው ላይ ማን እንደላከው ተጽፎበት ነው። አንቺን ማን ላከሽ?»

ስልኬን መልሼ ደረቴ ውስጥ ከተትኩ።

«ከሰማንያው ሺህ አንዱን ይዘሽልኝ ነይ። እስከ ቅዳሜ። እስከዚያ ከባንኮኒው ወዲህ ሁኚ።»

ከባንኮኒው ወዲህ ማለት ደጃፉ ማለት ነው። እዚያ ቆሜ ሳፋ እወለውላለሁ፣ ደንበኛ እጠራለሁ፤ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ካለፍኩ ጋሼ ከድር ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ፊት ለፊት እትዬ ነጅማ ቅመም ይሸጣሉ። የኮረሪማቸው ሽታ ሲመጣ አንዳንዴ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ጓሯችን ይመጣልኛል። አንድ ቀን ነጋዴ አንድ ጆንያ ኮረሪማ አምጥቶ «የዘንድሮ ነው» ሲላቸው አንዷን ፈልቅቄ አሸተትኳትና «የአምና ነው፣ እትዬ» አልኩ። ነጋዴው በዓይኑ ገደለኝ። እትዬ ነጅማ አላመሰገኑኝም፤ ጆንያውን ግን መለሱት።

ማታ ማታ ለተከታዮቼ ለጠፍኩ፦ ዋስ እፈልጋለሁ፣ ሱቁ እዚህ ነው፣ የምፈልገው ፊርማ ብቻ ነው። «እኔ ነኝ ዋስሽ» የሚል ስንት መቶ መልእክት መጣ መሰላችሁ! ለሁሉም አድራሻ ሰጠሁ። ሰኞ ማንም የለም። ማክሰኞም። ረቡዕ አንዱ መጣና «ሆቴል ቁጭ ብለን እንነጋገርበት» አለኝ። ዋስነት ሆቴል ምን ያደርጋል? ሳፋዬን መወልወል ቀጠልኩ።

ዓርብ እውነተኛው የመጣ መሰለኝ። ዴቭ ይባላል፤ የተቸገሩ ሰዎችን እየረዳ ቪዲዮ የሚሠራ፣ ከእኔ አሥር እጥፍ ተከታይ ያለው ልጅ ነው። ዱላ ላይ የተሰካ ስልኩን ይዞ ሲመጣ ሳፋዬን ጥዬ ወደ እሱ ሄድኩ።

«ላይቭ ነን» አለኝ በሹክሹክታ። «ድንገት እንዳገኘሁሽ አድርጊ። ትንሽ ብታለቅሺ ደግሞ አሪፍ ነው።»

«መጀመሪያ እንፈርም?»

«ፊርማው አለ፣ አትጨነቂ። እንባው ነው የሚቀድመው።»

እንባው አልመጣም። ካሜራው ግን ሰፈሩን ዞረ። የመርካቶ ሰው ካሜራ ሲያይ ምን እንደሚያስብ አላውቅም ነበር። አንዱ የግብር ነው አለ፣ አንዱ የሌባ ጥናት ነው አለ። አጠገባችን ያለው ጨርቅ ሻጭ መዝጊያውን ግማሽ ድረስ አወረደ። ተሸካሚዎቹ ፊታቸውን በጆንያ ሸፈኑ። «አጥፋው! አጥፋው አንተ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ዴቭ ይህንንም ወደደው፤ ስልኩን ወደ ጩኸቱ አዞረ።

ጋሼ ከድር ወረቀቱን ይዘው ወጡ። «ዋሱ አንተ ነህ?»

«አዎ አባቴ፣ ለእህታችን ምን የማንሆነው አለ!»

«መታወቂያ።»

«ጊዜው አልፎበታል።»

«የደመወዝ ደብዳቤ።»

«አባቴ፣ እኔ እኮ ክሪኤተር ነኝ።»

«ይሁን፤ አሠሪህ ማን ነው?»

ዴቭ ወደ ስልኩ ዞሮ ሳቀ፤ «ቤተሰብ፣ ሰማችሁ?» አለ። ወረቀቱ ላይ አንድ የተጠማዘዘ ነገር ጫር አድርጎ፣ አቅፎኝ፣ ሄደ። ወረቀቱን ሳየው ስም እንኳ የለበትም። ጋሼ ከድር በእርጋታ አጥፈው እጄ ላይ አኖሩት።

«ነገ አትምጪ፣ ልጄ። ካሜራ ወደ ደጃፌ ጠራሽ።»

ጎረቤቱ ሁሉ ያየኝ ነበር፤ ሲያየኝም መዝጊያውን ያስወረድኩት እኔ ነኝ በሚል ዓይን ነው። ሻርፔን ለማንሳት ጎንበስ ስል እትዬ ነጅማ ጠሩኝ።

«እናት አለሽ?»

«አለችኝ።»

«ደውዪልኝ።»

ከሄድኩ ጀምሮ ለእናቴ መልእክት ልኬ እንጂ ደውዬ አላውቅም ነበር። ጋሼ ከድርም ቆመው ነበር። እናቴ አነሣች፤ እትዬ ነጅማ የስልኩን ድምፅ ለሁላችንም ከፍተው የበርበሬው ሚዛን ላይ አስቀመጡት።

«እህቴ፣ ከመርካቶ ነው የምደውለው። ልጅዎ ደኅና ናት። ለሥራ ዋስ አጥታ ነው፤ ልፈርምላት አስባለሁ፤ ግን አላውቃትም። የሚያውቋት እርስዎ ነዎት። ምን ይሉኛል?»

በስልኩ ውስጥ የዶሮዎቻችን ድምፅ ይሰማል።

«አትሰርቅም» አለች እናቴ። «ከልጅነቷም የሰው ነገር አትነካም።»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ግን ትሄዳለች።»

«ወዴት?»

«እሱን እሷም አታውቀው። ኮሌጁን ሳትነግረኝ ተወችው። ከቤት ሠርግ ብላ ወጣች፤ ይኸው ሠርጉ እስካሁን አላለቀም። እንዳልዋሽዎት ብዬ ነው። ነገ ተነሥታ ብትሄድ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት።»

ፊቴ ጋለ። እናቴ አንድ ጥሩ ቃል ብትጨምር ምን ነበረበት? ሰማንያ ሺህ ሰው ሲያሞግሰኝ ከርሞ፣ የምታውቀኝ አንዷ ተጠርታ መሰከረችብኝ። የከፋው ደግሞ አንድም ቃል አልተሳሳተችም። ዴቭ የለመነኝ እንባ ያኔ መጣ፤ ቅመሙ ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

እትዬ ነጅማ አመስግነው ስልኩን ዘጉ። «ከድር፣ ሌላ ወረቀት አምጣ» አሉ።

«ሰምተሻታል እኮ፣ ትሄዳለች ነው ያለችሽ!»

«ሰምቻለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ የራሱን ዕቃ እንከን ነግሮ የሸጠልኝ ሰው አላጋጠመኝም። እናቷ የመጀመሪያዋ ናት።» ፈረሙና ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺን አምኜ እንዳይመስልሽ። እሷን ነው። ያን ስልክ ገበያ ውስጥ ካወጣሽ ወረቀቱን እቀደዋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ከባንኮኒው በስተጀርባ ነኝ። ቁልፍ እይዛለሁ። ቪዲዮ አልሠራም፤ ግጥሙን ደረሰኝ ጀርባ ላይ እጽፈዋለሁ። ተከታዮቼ ለሁለት ሳምንት «የት ጠፋሽ» አሉ፤ ከዚያ እነሱም ጠፉ።

በቅርቡ አንድ ኤጀንት ነኝ የሚል ሰው ጻፈልኝ። ዱባይ፣ ክሪኤተሮች በአንድ ቤት የሚኖሩበት፣ ትኬቱ በእሱ። «ዋስ አለህ?» ብዬ መለስኩለት። ሦስት የሚስቅ ፊት ላከ። እንደ እኔ ከቤት ወጥታችሁ እዚህ ያላችሁ እኅቶቼ፣ ስለ እሱ አንድም ነገር አላምንም። መልእክቱን ግን አላጠፋሁትም። ይህን ለእትዬ ነጅማ አልነገርኳቸውም።

አሁን እሁድ እሁድ ለእናቴ እደውላለሁ። እንደምን ነሽ አትለኝም። መጀመሪያ የምትለኝ «እዚያው ነሽ?» ነው።

ባለፈው እሁድ «እዚያው ነኝ» አልኳት። ዝም አለች። ያ የጎደሬው ምሽት፣ አውቃ ዝም ያለችው ዝምታ ነው፤ ለየሁት።

«ያቺን የፈረመችልሽን ሴትዮ አቅርቢልኝ» አለች።

«እማዬ፣ እሁድ እኮ ነው። ገበያው ዝግ ነው፤ ቤታቸው ናቸው።»

«እንግዲያው ነገ ደውዪልኝ። አብራችሁ ሆናችሁ።»

«እሺ፣ ሰኞ እደውላለሁ።»

ሰኞ እመለሳለሁ ብያት ከወጣሁ ወዲህ፣ ሰኞ የሚለውን ቃል ለእሷ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። እሷም የሰማችው መሰለኝ። ዶሮዎቹ ይጮሃሉ፤ እዚያ ዝናብ ጀምሯል፤ ቅጠሉ ላይ ሲያርፍ ይሰማኛል። ሁለታችንም ስልኩን ሳንዘጋ ቆየን።