ሽመልስ የተረጎመው የህንድ ዘፈን

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ነሐሴ ውስጥ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ለሰው ልናገረው ስል አፌ ስለሚተሳሰርብኝ መጻፍ ይሻላል አልኩ። መጻፉም ቀላል አልሆነልኝም። ደጋግሜ ጀምሬ ትቼዋለሁ።

ሽመልስ ታላቅ ወንድሜ ነው። ነበር ማለት አለብኝ። በዚያ መንገድ ላይ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። በዚያው ዓመት፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ ሆዴን አመመኝ ብሎ መኪናውን መናኸሪያ አቁሞ በእግሩ ሐኪም ቤት ሄደ። በእግሩ አልተመለሰም። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ስለ ዘፈኖቹ ግን መጻፍ አለብኝ። ልጆች ሳለን አንኮበር ቪዲዮ የሚያሳይ ቤት ነበር። ሽመልስ እዚያ ገብቶ አንድ የህንድ የፍቅር ፊልም አየ። እኔ አላየሁትም። ታሪኩን ሲነግረኝ በየጊዜው ይለዋውጠዋል። አንድ ቀን ልጅቷ ትሞታለች፣ ሌላ ቀን ትድናለች። ዘፈኖቹን ግን አይለዋውጥም። ቃሉን ሳያውቅ ዜማውን አንድ በአንድ ያፏጨዋል።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ደብረ ብርሃን ውስጥ ስልክ የሚጠገንበትና ፍላሽ ላይ ዘፈን የሚጫንበት ሱቅ ተቀጠርኩ። ሽመልስ መጀመሪያ የጠየቀኝ የዚያን ፊልም ዘፈኖች ፈልጌ እንድጭንለት ነው።

“ሌላ ዘፈን እንዳትቀላቅልብኝ” አለኝ። “እነዚህ አንድ ቤተሰብ ናቸው። እንግዳ አይወዱም።”

ከዚያ በኋላ በዚያ መኪና ውስጥ ሌላ ነገር ተሰምቶ አያውቅም። ተሳፋሪው መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ቀስ እያለ ለመደው። ጉም በሆነ ቀን ሽመልስ መስኮቱን ከፍቶ ድምፁን ይለቀዋል። መንገድ ዳር የቆመ ሰው መኪናውን ሳያይ በዘፈኑ ያውቀዋል። የሚነዱ ከብቶች እንኳ ዳር ይይዛሉ ይል ነበር። ይህን ግን እኔ አላየሁም።

ቃሉን የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ሁሉም እሱን ነው የሚጠይቀው። “ሽመልስ፣ ይኼኛው ምን ይላል?” ይሉታል። እሱ አፉ ላይ የመጣለትን ይተረጉማል። ፈጣን ዘፈን ከሆነ “‘ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ይጨመር’ ነው የሚለው” ይላል። ሴትዮዋ እያለቀሰች የምትዘፍነውን ደግሞ “ትራፊክ ይዟት ነው” ይላል። ሰው ይስቃል። ዳገቱ ሳይታወቅ ያልቃል።

ሲቀበር ፍላሹን ከመኪናው ቁልፍ መያዣ ላይ ፈትቼ ወሰድኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ነበር። ምንም ላይ አልሰካሁትም። ሱቅ ውስጥ ሰው የህንድ ዘፈን ጫንልኝ ሲለኝ የለም እል ነበር።

እና በዚያ ነሐሴ እናታችን ስለ ተዝካሩ እንድንነጋገር ጠራችኝ። መናኸሪያ ሄጄ ተራ የያዘው መኪና ውስጥ ስገባ የሽመልስ መኪና ነበር። ባለቤቱ ለሌላ ሹፌር ሰጥቶታል። ልወርድ አሰብኩ። ከኋላዬ ሰው ይገባ ስለነበር መውረድ አልቻልኩም። ሄጄ ተቀመጥኩ።

አዲሱ ሹፌር ሀብታሙ ይባላል፣ የአረርቲ ልጅ ነው። ሽመልስን አይቶት አያውቅም። አጠገቤ ቄስ ተክሌ ተቀምጠዋል። የሰፈራችን ቄስ ናቸው፣ ወንድሜን የቀበሩትም እሳቸው ናቸው። መኪናው ሞልቶ ሊነሳ ሲል እማማ ዘሀራ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው እየሮጡ ደረሱ። እማማ ዘሀራ የአልዩ አምባ ነጋዴ ናቸው። ከቆላ በርበሬ ያመጡና ሸጠው ሳሙናና ስኳር ይዘው ይመለሳሉ። ሁልጊዜ የሚደርሱት መጨረሻ ላይ ነው። ሽመልስ ሁልጊዜ ይጠብቃቸው ነበር፣ ሰው ሁሉ እየተቆጣውም ቢሆን።

ሲገቡ አዩኝ። ራሴን ዳበስ አደረጉኝና ከፊት ተቀመጡ።

ከደብረ ብርሃን ስንወጣ ሰማዩ ደህና ነበር። ደጋው ጫፍ ስንቃረብ ጉሙ ከቆላው ተነስቶ በገደሉ በኩል መጣ። ትንሽ ቆይቶ ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ የሚታይ ነገር ጠፋ። ሀብታሙ እየዳኸ ይነዳ ጀመር።

“የአረርቲ ልጅ ጉም አይቶ ያውቃል?” አለ አንዱ ከኋላ።

“የኛ አገር ጤፍ ሲወቃ አቧራው ከዚህ የባሰ ነው” አለ ሀብታሙ። ድምፁ ግን ቀልድ የለበትም።

አንድ ኩርባ ላይ ቆምን። ከፊት የጭነት መኪና ተንሸራቶ መንገዱን አግድሞ ዘግቷል ተባለ። ከኋላችንም ከወዲያም መኪናዎች እየመጡ ተሰለፉ። ጉሙ ውስጥ እንዳይጋጩ ሁሉም ጥሩንባ ይነፋል።

እማማ ዘሀራ ውሃ የያዘች የላስቲክ ጠርሙሳቸውን አነሱ። “የዐስር ሶላት ሳያልፈኝ ሰግጄ ልምጣ” አሉ።

“ዘሀራ፣ ወደ ገደሉ እንዳትርቂ” አሉ ቄስ ተክሌ።

“አባ፣ እርስዎ ቅዳሴውን እንደሚያውቁት እኔ ይሄን ገደል አውቀዋለሁ” ብለው ወረዱ። ሁለት እርምጃ ሳይሄዱ ጉሙ ዋጣቸው።

የጭነት መኪናው እስኪነሳ ብዙ ቆየን። መንገዱ ተከፈተ ሲባል እሳቸው አልተመለሱም። ዘንቢላቸው መቀመጫው ላይ አለ። ወርደን ተጣራን። ሁላችንም በየአቅጣጫው “እማማ ዘሀራ” እያልን ጮህን። አንድ ጊዜ መልስ የሰማን መሰለን። አንዳንዱ ከላይ ነው አለ፣ አንዳንዱ ከታች ነው አለ። ድምፁ ከገደሉ ጋር እየተጋጨ ይመለሳል። ከዚያ ምንም አልተሰማም።

ቀኑ እየመሸ ነው። በዚያ ብርድ፣ ልብሳቸው ረጥቦ፣ ሜዳ ላይ የሚያድር ሰው አይተርፍም። ቢንቀሳቀሱ ደግሞ ገደሉ አለ። ሁለት ሰዎች ሊፈልጓቸው ሲሉ ቄስ ተክሌ ክንዳቸውን ያዙ። “አንድ ስንፈልግ ሦስት እንዳናጣ” አሉ።

ሀብታሙ ጥሩንባውን ይዞ አልለቅ አለ። ግን ከፊትም ከኋላም፣ ከታችኛው ኩርባም ጥሩንባ ብቻ ነው። የእኛን ከሌላው የሚለይ ነገር የለም። ሀብታሙ ላብ አጥምቆታል፣ በዚያ ብርድ።

ያን ጊዜ የእማማ ዘሀራ ጎረቤት የሆነች ሴት “ምነው ያ የሽመልስ ዘፈን በኖረ” አለች። “እሱን ከየትም ቢሆን ያውቁታል።”

“የቱ ዘፈን?” አለ ሀብታሙ።

 አንዳንዶቹ ወደ እኔ ዞሩ። ፍላሹ ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄ ይዞታል፣ ግን አይወጣም። እንዴት ብዬ እንደማስረዳ አላውቅም። ከቀብሩ ወዲህ ያልከፈትኩት ዘፈን እስካለ ድረስ ወንድሜ ሙሉ በሙሉ አልሄደም ብዬ ነበር መሰለኝ። በሱ መኪና ውስጥ፣ በሌላ ሹፌር እጅ ከተከፈተ ያልቃል።

“ጾም ነው” አልኩ። የተናገርኩት እኔ መሆኔንም አላወቅኩም።

ቄስ ተክሌ አጠገቤ መጡ። አልተቆጡኝም። “ልጄ፣ ሰው የሚጠራ ድምፅ ዘፈን አይባልም። ደወል ነው” አሉኝ። “ስጠው።”

ሰጠሁት። ሀብታሙ ሰካው። ሽመልስ ከኋላ ያስገጠመው ትልቁ ስፒከር እንዳለ ነበር። የኋላውን በር ወደ ላይ ከፍተን ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቅነው።

መጀመሪያ ዋሽንት ነው። ለብቻው፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ የሴትዮዋ ድምፅ ገባ። ያን ድምፅ ከስንት ወር በኋላ ስሰማው የመኪናውን ጎማ ተደግፌ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ወንድሜ ሲያፏጭ የሚጨምራት አንዲት የዜማ ጌጥ አለች። ዘፈኑ ውስጥ የለችም። ቦታዋ ሲደርስ ጆሮዬ ጠበቃት።

ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩንባውን አቆመ። ቀጥሎ ያለውም አቆመ። ሰው እየሄደ ሳይነግራቸው፣ ከታችኛው ኩርባ ያሉትም አንድ በአንድ ዝም አሉ። ሞተር ያጠፉም ነበሩ። ያ ሁሉ መኪና፣ ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ተራራ ዝም ብሎ አንድ የህንድ ዘፈን ያዳምጣል። ዘፈኑ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ይሄዳል። ወዴት እንደሚሄድ አይታይም። እንደዚያ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አላየሁም፣ ወደፊትም የማየው አይመስለኝም።

ሁለተኛው ዘፈን አለቀ። ማንም ሰው አልመጣም። ቄስ ተክሌ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሀብታሙ መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቷል።

ሦስተኛው እየተዘፈነ ሳለ ጉሙ ውስጥ አንድ ጥቁር ነገር ታየ። እማማ ዘሀራ ነበሩ። አንድ እግራቸው ባዶ ነው። ጠርሙሷን እንደያዙ ናቸው። ቀጥ ብለው፣ እንደ ማየት የተሳነው ሰው ነፃ እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ይመጣሉ። የስፒከሩን እንጨት እስኪነኩ ድረስ አልቆሙም።

“አልሐምዱሊላህ” አሉ። 

ጎረቤታቸው ነጠላዋን አለበሰቻቸው። መኪና ውስጥ አስገብተን እጃቸውን ስናሻሽ ቀስ ብለው ነገሩን። ሰግደው ሲነሱ ጉሙ ዘግቷል። ጥሩንባ ሰምተው ሄዱ። ሌላ ጥሩንባ ከሌላ ወገን ሰምተው ዞሩ። “ከዚያ እግሬ ከሣር ላይ ወጥቶ አየር ረገጠ” አሉ። “ጫማዬ ሲወድቅ ሰማሁት። መሬት ሲነካ ግን አልሰማሁም። እዚያው ቁጭ አልኩ። ለጌታዬ ራሴን ሰጠሁ። ካሁን በኋላ አልነሳም፣ ብርዱ ይውሰደኝ ብዬ ነበር።”

“ከዚያ ዘፈኑን ሰሙ” አለ ሀብታሙ።

“ሰማሁ።”

“ሽመልስ የመጣ መሰልዎት?” አለች ጎረቤታቸው።

እማማ ዘሀራ ቆጣ አሉ። “ሽመልስ መሞቱ ጠፍቶኝ ነው? ለቅሶ ደርሻለሁ አይደለም እንዴ?” አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “ሦስተኛይቱን ዘፈን እኔ ስዘገይ ነበር የሚከፍታት። ሰው ሁሉ ሲንጫጫበት፣ ‘እማማ፣ ይቺ የእርስዎ ናት’ ይለኛል። ምን ትላለች ስለው፣ ‘አይሩጡ፣ ቆመን እንጠብቅዎታለን ነው የምትለው’ ይለኛል። ሁለቱ ሲዘፈኑ ፈርቼ አልተነሳሁም። እሷ ስትመጣ ተነሳሁ። ቆመው እየጠበቁኝ ነው አልኩ።”

የሳቀ ሰው አልነበረም። ያ ቀልድ ነበር። ወንድሜ ለሳቅ የፈጠረው ነው። ቄስ ተክሌ አማተቡና “በል ቀስ ብለህ ንዳ” አሉት ሀብታሙን።

አንኮበር ስንደርስ ሀብታሙ ፍላሹን ነቅሎ ሊመልስልኝ እጁን ዘረጋ። ፍላሹን ላየው አልቻልኩም። “እዚያው ይሁን” ብዬው ወረድኩ። ለእናቴ ነገርኳት። እሷም “ዘፈኗ ምን ትላለች አልከኝ?” እያለች ደጋግማ አስነገረችኝ።

አሁን ሱቅ ውስጥ ሰው ሲጠይቀኝ ዘፈኖቹን እጭናለሁ። ሌላ ሳልቀላቅል። ስልክ ላይ ብትፈልገው ትርጉሙ ይወጣል የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ሥራዬ ስለሆነ እኔም አውቃለሁ። እስካሁን አልፈለግኩትም።

በቀደም ለት በመናኸሪያው በር ሳልፍ ያ መኪና ሞልቶ ሊወጣ ነበር። አንዲት የማላውቃት ሴት ሸክም ይዛ ከገበያው በኩል ትሮጣለች። ተሳፋሪው ይንጫጫል። ሀብታሙ ሦስተኛውን ዘፈን ከፈተና በመስኮት አንገቱን አወጣ።

“አትሩጪ” አላት። “ቆመን እንጠብቅሻለን።”

ሴትዮዋ ሩጫዋን አቆመች። እኔም ቆምኩ። እሷ ቀስ ብላ መጥታ፣ ገብታ፣ በሩ ተዘግቶ፣ መኪናው ወጥቶ ከዓይኔ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁ። ከጠፋም በኋላ ዘፈኑ ትንሽ ይሰማ ነበር።