ከማቅለሚያው ፋብሪካ የሚወርደው ውሃ

የፊውዜ እናት ሰዓት አያስፈልጋቸውም፤ ደጃቸው ያለውን ቦይ አይተው ስንት ሰዓት እንደሆነ ይነግሯችኋል። ጠዋት ቀይ፣ ለምሳ ሰማያዊ፣ ማታ ደግሞ ስሙ የማይታወቅ አንድ ድብልቅልቅ ያለ ነገር። ውሃው የሚወርደው ከላይ ካለው የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ነው፤ የፋብሪካው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ደግሞ ልጃቸው ናት። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። የማንም ጎመን በደረቀ ቁጥር ጎረቤቱ እናትየው ደጅ መጥቶ፣ "የልጅዎ ውሃ ጨረሰን እኮ!" ይላል። ልጅቷ በሕይወቷ ቀለም ነክራ አታውቅም፤ ግን ማን ይሰማል?

"ፊውዜ" ያሏት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ ቶሎ ትቃጠላለች፣ ቶሎ ትጠገናለች። በአሥር ዓመቷ የቤታቸውን ሬድዮ ፈታታ ስትገጥመው ሦስት ብሎን ተረፋት፤ ሬድዮው ግን ከበፊቱ ጠርቶ ተሰማ። እናቷ ሊገርፏት ተነስተው፣ ዜናው ደስ ስላላቸው ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ኤሌክትሪክ ስንት ጊዜ እንደነዘራት እሷም አታውቅም። ማሽን እምቢ ካላት ትሰድበዋለች፤ ሲሠራላት ትስመዋለች። የሚያፍር ይፈር፣ እሷ አታፍርም።

ሰኞ ዕለት እናቷ ቁርጡን ነገሯት።

"ቅዳሜ ወንድምሽ መኪና ይዞ ይመጣል። እሱ ጋ እሄዳለሁ። በቃኝ!"

"እማዬ፣ እሱ እኮ ያለው የሁለት ቀን መንገድ ነው!"

"ቢሆንስ? እዚያ ውሃው ውሃ ይመስላል።"

ፊውዜ አግብታለች፣ ወልዳለች፤ ከሥራ ስትወጣ ግን መጀመሪያ የምትገባው እናቷ ቤት ነው። እናቷን ሳታይ የዋለችበትን ቀን አታስታውስም። ስለዚህ ቅዳሜ ሳይደርስ ውሃውን ማጥራት አለባት፤ ሌላ መላ የለም።

ደግነቱ መሣሪያው አለ። ፋብሪካው በቅርቡ ያስገባው፣ ቁም ሳጥን የሚያህል ማሽን ነው። ኤሌክትሪኩን ዝም ብሎ አያፈስም፤ አጠራቅሞ አጠራቅሞ፣ ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ ሳይቆይ፣ ባንድ ምት ውሃው ውስጥ ይለቀዋል። ደግሞ ያጠራቅማል፣ ደግሞ ይለቃል። ያኔ ውሃው ውስጥ ጥቃቅን ብልጭታ ይፈጠርና ቀለሙን ይሰባብረዋል። ለእናቷ ስታስረዳ፣ "የተጣበቀ በር ቀኑን ሙሉ ብትደገፊው አይከፈትም፤ አንዴ በትከሻሽ ብትመቺው ግን ብርግድ ይላል" አለቻቸው።

"ብቻ የኔን በር እንዳትሰብሪ" አሉ እናትየው።

ችግሩ፣ ማሽኑ ፊውዜ በባልዲ ቀድታ በምትሞክረው ውሃ ላይ ጉድ ይሠራል፤ የፋብሪካው ቀለማም ውሃ ሁሉ ወደሚጠራቀምበት ትልቅ ገንዳ ሲዞር ግን እምምም ከማለት በቀር ምንም የለም። ማክሰኞ ፈታችው፤ ረቡዕ ገጠመችው፤ ሐሙስ ሰደበችው። ኃይል ጨመረችለት፤ ሽቦው ጋለ። አሁንም ጨመረችለት፤ የፋብሪካው መብራት በሙሉ ድርግም አለ። ሥራ አስኪያጁ ጨለማ ውስጥ ቆሞ "ፊውዜ!" እያለ ሲጮህ የበሩ ዘበኛ ሳይቀር ሰማው።

ዓርብ በምሳ ሰዓት ተስፋ ቆርጣ ማቅለሚያ ክፍል ገባችና አንድ ጆንያ ላይ ዘፍ አለች። ጋሽ ሰማያዊ ከዳቧቸው ቆርሰው ሰጧት። ሠላሳ ዓመት ጨርቅ የነከሩ ሰው ናቸው፤ ስሙ የወጣላቸው ከእጃቸው ቀለም ነው።

"ምንድን ነው የተቀመጥኩበት? ይቆረቁራል።"

"ጨው ነዋ።"

"ጨው ደግሞ እዚህ ምን ይሠራል?"

ጋሽ ሰማያዊ ከት ብለው ሳቁ። "ያለ ጨው ቀለም ጨርቅ ይይዛል እንዴ? ለአንድ ገንዳ ሁለት ጆንያ እንጨምራለን።"

ፊውዜን የጎረሰችው ዳቦ አነቃት። ጨው ያለበት ውሃ ኤሌክትሪክን እንደልቡ ያሳልፈዋል፤ ምቱ ብልጭታ ሳይሆን በየቦታው ሾልኮ ያልቃል!

"ምነው ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም?"

"መቼ ጠየቅሽኝ? ምሳ የሚያቀርብ ሰው 'ጨው አለበት' ብሎ ያውጃል እንዴ?"

እውነታቸውን ነው። ፊውዜም ብትሆን ባልዲዋን የምትሞላው ክፍሏ አጠገብ ካለው የመጨረሻ ማለቅለቂያ ቧንቧ ነበር፤ እዚያ ሲደርስ ጨው የሚባል የለበትም። "አይ እኔ ደንቆሮዋ!" ብላ ግንባሯን መታች፤ ከዚያ ሽማግሌውን ግራና ቀኝ ሳመቻቸው።

ከዚያ በኋላ ማድረግ የሚገባት ግልጽ ነበር። ጨዋማው ውሃ ወደ ቦይ አይሄድም፤ ለነገው ጥቁር ቀለም ይቀመጣል፤ ጥቁር ላይ የተረፈ ቀለም አይታይም። የማለቅለቂያው ውሃ ብቻ ወደ ማሽኑ ይገባል። ጋሽ ሰማያዊ፣ "ያደረ ውሃ እኔ ገንዳ አይገባም!" ብለው አኮረፉ። የጆንያ ሸክም እንደሚቀርላቸው ስትነግራቸው ግን ወገባቸውን ያዝ አድርገው፣ "እስቲ ለጥቁሩ ብቻ" አሉ። ፊውዜ ከሰዓቱን ሙሉ ቧንቧ ስትቆርጥና ስትቀጥል ዋለች።

ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑን አስነሳችው። ገንዳው ውስጥ እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣ ጀመር። ቀዩ ውሃ ሮዝ ሆነ፤ ሮዙ ሳሳ፤ ከዚያ ቀለሙ ጠፋ። ፊውዜ ማሽኑን ሳመችውና ቦዩን ይዛ ቁልቁል ሮጠች።

መኪናው እናቷ ደጅ ቆሟል። ፍራሹም ወንበሩም ተጭኗል፤ ወንድሟ ገመድ ያጠብቃል። እናትየው ቦርሳቸውን ታቅፈው ጋቢና ገብተዋል።

"እማዬ፣ ውረጂና እዪ!"

"አይቼ አይቼ ሰልችቶኛል።"

"እባክሽ፣ አንዴ ብቻ።"

እያጉረመረሙ ወረዱ። ቦዩ ውስጥ ጠጠሩ አንድ በአንድ ይታያል። እናትየው ጎንበስ ብለው እጃቸውን ነከሩ፤ አውጥተው አገላብጠው አዩት፤ እንደገና ነከሩት።

ከዚያ ወደ ወንድ ልጃቸው ዞረው፣ "አንተ፣ ገመዱን ምን ታጠብቀዋለህ? ፍታው እንጂ!" አሉት።

"ኧረ እማዬ! አሁን እኮ ነው ጭኜ የጨረስኩት!"

"እንግዲያው የት የት እንዳስቀመጥከው አትረሳም።"

ፊውዜ እናቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ እንደ ሕፃን አለቀሰች። "እኔስ ብሆን መች ካንቺ መራቅ ፈልጌ ነው?" አሉ እናትየው። ከዚያ ዓይናቸውን ጠራርገው ገፋ አደረጓት። "በቃ አሁን፣ ሂጂ፤ ፍራሹን በዚያ በኩል ያዢለት።"