የቀኙ በሬ ቦታ

እርጥብ አሸዋና እበት አንድ ላይ ሲሸተኝ ዛሬም እግሬ ይቆማል። ባለፈው መርሳ ከተማ ላይ አንድ ትራክተር ተሳቢውን እየጎተተ በአጠገቤ አለፈና፣ ከሽታው ጋር የአባቴ ሁለት በሬዎች ትዝ አሉኝ።

ጦርነቱ ወደ እኛ የቀረበበት ክረምት ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ግራና በምትባለው መንደራችን ቤት ተቀምጬ ነበር። ከወልድያ በኩል የመድፉ ድምፅ እየቀረበ ሲመጣ አባቴ "ቤቱ ይቅር፤ በሬዎቹ ከተረፉ መልሰን እናርሳለን" አለና ባለትራክተር ጎረቤታችንን ለመነ። ከውርጌሳ ወዲያ አክስቴ ዘንድ ሊያሻግራቸው ነበር።

እኔ ነገር መጠየቅ እወድ ነበር። እናቴ "ይቺን ልጅ ጅብ ቢበላት እንኳ ለምን ትለዋለች" ትል ነበር። ባለትራክተሩ የተሳቢውን ወለል አሸዋ ሲያለብስ "ለምን?" አልኩት።

"ብረት ላይ ሰኮና ይንሸራተታላ።"

ማረሻውን በጆንያ ጠቅልሎ ከውጭ በኩል ሲያስርም ጠየቅሁት።

"ብረትና ነፍስ አንድ ላይ አይጫንም።"

ገመዱን ለምን እንዳሳጠረው ልጠይቅ ስል ግን "ኧረ አንቺ ልጅ፣ በሬዎቹን አስገቢ!" ብሎ ጮኸብኝ። አስገባኋቸው፤ ዳለቻን በቀኝ፣ ቡሬን በግራ።

ብዙም ሳንርቅ ተሳቢው ይወዛወዝ ጀመር። በሬዎቹ ይገፋፋሉ፤ የተሳቢው የጎን እንጨት ይንቋቋል። ትራክተሩ ቆመ። አባቴ ወርዶ አንድ ጊዜ አያቸውና "ቡሬ እኮ የቀኝ በሬ ነው! አንድ ቀን በግራ ተጠምዶ አያውቅም። ማነው ያዛወራቸው?" አለ። እኔ መሆኔን ነገርኩትና ገመዳቸውን ልፈታ ተሳቢው ላይ ወጣሁ።

ተሳቢውን ወደ አንድ ጉብታ አስጠግተን አወረድናቸው። ጓዙን ተሸክሞ የሚያልፈው ሰው "ሰው እያለቀ እናንተ በሬ ታሰልፋላችሁ?" እያለ ይቆጣን ነበር። ቡሬ በቀኝ፣ ዳለቻ በግራ ሲገቡ ግን ጎን ለጎን ቆመው ጸጥ አሉ። እንዲያ ሆነን ደረስን።

ጦሩ አልፎ ወደ ቤታችን ልንመለስ ስንነሳ ቡሬ አልነበረም። በስደቱ ታመመ፤ መድኃኒት ሳናገኝለት ሞተ። ያው ባለትራክተር መጣና ዳለቻን ብቻውን ጫንነው።

"አንድ ከሆነ መሀል ይታሰር፤ አለዚያ ተሳቢው ያዘነብላል" አለ።

ወደ መሀል ሳብነው፤ ወደ ግራው ተመለሰ። እንደገና ሳብነው፤ አሁንም ተመለሰ። አባቴ ተሳቢው ላይ ወጣና በቀኝ በኩል ቆሞ ክንዱን በዳለቻ አንገት ላይ ጣለ።

"ኧረ አንቱ፣ ሰው እዚያ ላይ አይቆምም!"

"ንዳው ወንድሜ። ቀስ አድርገህ ብቻ ንዳው።"

ለምን ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። እስከ ግራና ድረስ ከትራክተሩ ላይ ዞር እያልኩ አየው ነበር፤ አባቴ አንድም ጊዜ ከቡሬ ቦታ አልተነቃነቀም።